ልቡ ተቀይሮለት ፔስሜከር ያለው ሰው፦ ድሬና ሐረር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ውጭ አገር የልብ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት አገር ቤት የገባ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የልብ ምት ችግር የሚባለው ምንድነው?

ጤነኛ አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ምቱን የምታስነሳው በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ያለች ትንሽ የሴሎች ስብስብ ናት። እሷ የኤሌክትሪክ ምልክት ትልካለች፣ ምልክቱ መሃል ላይ ባለ መተላለፊያ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ልብ ይጨመቃል። ችግር የምንለው ወይ መነሻዋ ስትደክም፣ ወይ መተላለፊያው ሲዘጋ፣ ወይ ደግሞ ከማይጠበቅ ቦታ ሌላ ምልክት ሲነሳ ነው።

ምቱ ሲዘገይ ሰውየውን ያዞረዋል፣ ይደክመዋል፣ አንዳንዴም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሲፈጥን ወይም ሲዘበራረቅ ደረቱ ውስጥ ድው ድው ይልበታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ምንም ሳይሰማው ምቱ የተዛባበት ሰውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ "ደህና ነኝ" ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያሳይ ምርመራ) ይነሳ።

ፔስሜከር ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው የልብ ባትሪ ነው የሚለው። ከአንገት አጥንት በታች ቆዳ ሥር የምትቀመጥ፣ ከ20 እስከ 30 ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ዕቃ ናት። ከእሷ የሚወጡ አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥር በኩል ልብ ውስጥ ይገባሉ። ዕቃዋ ልቡን ሁልጊዜ ታዳምጣለች። ልቡ በራሱ ከመታ ዝም ትላለች፣ ከዘገየ ትቀሰቅሰዋለች፤ መብራት ሲጠፋ ብቻ እንደሚነሳ ጄኔሬተር ማለት ነው።

በሰው አካል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበረው እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ውስጥ ነበር። ያች የመጀመሪያዋ ዕቃ የሠራችው ለሰዓታት ብቻ ነው። አርነ ላርሰን የተባለው ታካሚ ግን ከ20 በላይ ፔስሜከር እየተቀያየረለት እስከ 2001 ኖሯል፣ 86 ዓመት ሞልቶት። ይህን የምነግራችሁ ፔስሜከር ገባለት ሲባል ለቅሶ የሚቀመጥ ቤተሰብ ስላየሁ ነው። ፔስሜከር የመጨረሻ ተስፋ አይደለም፣ ሰው ሥራውን እየሠራ ልጁን እያሳደገ የሚኖርበት ነገር ነው።

አቦ፣ ልቡ አዲስ ከሆነ ደግሞ ባትሪ ለምን አስፈለገው?

ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱም ብዙ ሰው ከሚፈራው የቀለለ ነው። ልቡ ከለጋሹ ወጥቶ ተቀባዩ ደረት ውስጥ እስኪሰፋ ድረስ ለሰዓታት ያለ ደም ይቆያል። ያች ምት አስነሺ ቦታ በዚህ ጊዜ ልትጎዳ ትችላለች። ስፌቱም አጠገቧ ያልፋል። ለጋሹ በዕድሜ ገፋ ያለ ከነበረም የመዘግየት ዕድሉ ይጨምራል። ከንቅለ ተከላው በፊት አሚዮዳሮን የሚባለውን የምት መድኃኒት ሲወስድ የቆየ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ወጥቶ የሚያልቀው በሳምንታትና በወራት ስለሆነ፣ ቀሪው አዲሱን ልብም ያዘገየዋል።

የቀዶ ጥገናው ዘዴም ለውጥ ያመጣል። በድሮው ዘዴ የተቀባዩ ልብ የላይኛ ክፍሎች በከፊል ይቀሩና አዲሱ እነሱ ላይ ይሰፋ ነበር። አሁን በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዘዴ የለጋሹን ቀኝ የላይኛ ክፍል ሙሉውን ወስዶ ከትልልቆቹ ደም መላሾች ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ከመጣ ወዲህ ፔስሜከር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ቀንሷል። ቢሆንም ጥቂቶቹ ላይ አሁንም ይገባል፤ አዲሱ ልብ "አልሠራም" አለ ማለት ግን አይደለም።

ፔስሜከሩ የዕድሜ ልክ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ከቀዶ ጥገናው ቀጥሎ ባሉት ቀናት ሐኪሞቹ በልብ ላይ ጊዜያዊ ሽቦ ትተው ከውጭ በሚሠራ ማሽን ይረዱታል፣ ምት የሚያፈጥን መድኃኒትም ይሰጣሉ። ብዙው ሰው በዚያው ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ነው ቋሚው የሚገባው። ቋሚው ገብቶላቸውም ከወራት በኋላ ልባቸው በራሱ መምታት የሚጀምር ሰዎች አሉ። ያን ጊዜ ዕቃዋ እዚያው ትቀመጣለች፣ ለክፉ ቀን።

ባትሪዋ እንደ አጠቃቀሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ትቆያለች። ባንድ ጊዜ ጥፍት አትልም፤ ሊያልቅ ሲል በምርመራ ቀድሞ ይታያል። ሲቀየር ዋናዋ ዕቃ ብቻ ትቀየራለች፣ ሽቦዎቹ ደህና ከሆኑ አይነኩም።

ዝም ብሎ ተቀምጦ ልቡ በደቂቃ 100 ይመታል። አያስፈራም?

ይህን የማልጠየቅበት ጊዜ የለም። ጎረቤት በቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ለካው፣ 104 አለ፣ ቤቱ ተሸበረ። ተረጋጉ። የተተከለ ልብ ከ90 እስከ 110 መምታቱ የተለመደ ነው።

ምክንያቱ ይኸው። የእኛ ልብ ከአንጎል ጋር በነርቭ የተያያዘ ነው። ከነርቮቹ አንዱ፣ ቫገስ የሚባለው፣ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይይዝለታል። ልብ ከለጋሹ ሲወጣ እነዚህ ነርቮች ይቆረጣሉ፣ ሲተከል ደግሞ ማንም መልሶ ሊሰፋቸው አይችልም። ስለዚህ አዲሱ ልብ ፍሬን የሚይዝለት የለም፣ በራሱ ፍጥነት ይመታል። በዓመታት ውስጥ የተወሰኑ ነርቮች ተመልሰው ሊያድጉ ይችላሉ፣ ግን እንደ ድሮው ሙሉ አይሆንም።

እንዲያውም መጠንቀቅ ያለባችሁ በተቃራኒው ነው። ሁልጊዜ 95 የነበረ ሰው ዛሬ 55 ከሆነ፣ ለሌላው ሰው "ጥሩ ምት" ቢሆንም ለእሱ ጥያቄ ነው። የእሱን የዘወትር ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉት፤ ማነጻጸር ከእሱ ጋር እንጂ ከጎረቤት ጋር አይደለም።

መራመድ ሲጀምር ወዲያው ይደክመዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ይሻለዋል። ለምን?

ያው የነርቩ ጉዳይ ነው። እኛ ስንነሳ አንጎል ወዲያውኑ "ፍጠን" ይላል፣ ልብም ይፈጥናል። የእሱ ልብ ግን አድሬናሊን በደም ውስጥ እስኪደርሰው መጠበቅ አለበት፣ ይህ ደቂቃዎች ይወስዳል። ሲያቆምም እንዲሁ፣ ምቱ ቶሎ አይወርድም።

ስለዚህ በዝግታ ይጀምር፣ በዝግታ ይጨርስ፣ በሁለቱም በኩል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ድሬ ላይ ከዚራ ዛፎቹ ሥር በማለዳ መራመድ ተስማሚ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው። ሐረር ከሆነ የጀጎል ቁልቁለትና ዳገት መሃል ላይ እንጂ ከቤት እንደወጣ መጀመሪያ ላይ አይሁን። ከአልጋ ሲነሳም ድንገት ብድግ አይበል፣ ትንሽ ቁጭ ይበል።

ከድሬ ሐረር ቢወጣ ከፍታው ይጎዳዋል?

አይጎዳውም። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ይህ ልዩነት ለፔስሜከሩም ለልቡም ችግር አይሆንም። ከከፍታው ይልቅ የድሬ ሙቀት ነው የሚያሳስበኝ። ሰውነቱ አዲሱን ልብ እንዳይቃወም የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ኩላሊት ላይ ይጫናሉ፣ ውኃ ሲያጥረው ደግሞ ጫናው ይብሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውኃ ከእጁ አይለይ፤ ሐኪሙ የውኃ መጠን ከወሰነለት ግን በዚያው ይሂድ።

ፔስሜከር በገባ ሰሞን ምን ይከለከላል?

ለ4 እስከ 6 ሳምንት በዚያ በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ አያንሳ፣ ከባድ ነገር አይሸከም። ጀሪካን አያንሳ ማለቴ ነው። ሽቦው ቦታው ላይ እስኪይዝ ነው። ክንዱን ጨርሶ አጥፎ መያዝም ልክ አይደለም፣ ትከሻ ይደርቃል፤ ከትከሻ በታች እንደልቡ ያንቀሳቅሰው።

ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ያኑ ቀን ሐኪም ይየው። በሌላ ሰው ላይም አስቸኳይ ነው። የመከላከል አቅሙን በመድኃኒት ለቀነሰ ሰው ደግሞ እጥፍ አስቸኳይ ነው፣ ምክንያቱም ኢንፌክሽኑ ሽቦውን ተከትሎ ልብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቅባትም ቅጠልም እንዳትቀቡበት።

ስልክ፣ ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ብየዳ፣ ባጃጅስ?

ስልክ ይጠቀም፣ በደረት ኪስ ግን አይያዘው፤ ከዕቃዋ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ሲያወራም በሌላኛው ጆሮ። ማግኔት ያላቸው የጆሮ ማዳመጫዎችና የስልክ መያዣዎችም እንዲሁ ደረት ላይ አይንጠልጠሉ። ተራው የእንጀራ ምጣድ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ማይክሮዌቭ ምንም አያደርጉም። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ካላችሁ ግን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

ብየዳ ቤት በር ላይ ማለፍ ችግር የለውም። ራሱ በያጅ ከሆነ ግን ፔስሜከሩን የሚከታተለውን ሐኪም ሳያማክር ሥራውን አይጀምር። ባጃጅ ይሳፈር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ብዙ ፔስሜከሮች ሰውየው ሲንቀሳቀስ ምቱን ከፍ የሚያደርግ ንዝረት አዋቂ አላቸው፣ ኮብልስቶን ላይ ባጃጅ ሲያንገጫግጨው ዕቃዋ እየተራመደ መስሏት ምቱን ልታፈጥን ትችላለች። አያሰጋም፣ ከወረደ በኋላ ይመለሳል። ከረበሸው በቀጣዩ ምርመራ ይስተካከልለታል።

ኤርፖርትና ባቡር ጣቢያ ፍተሻውስ?

በበሩ ሳይቆም ይለፍ፣ አይጎዳውም፣ ምናልባት ይጮህ ይሆናል። በእጅ የሚያዘውን መፈተሻ ግን ደረቱ ላይ እንዳያቆዩበት የፔስሜከሩን ካርድ አሳይቶ በእጅ ፈትሹኝ ይበል። መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ ከነማዘዣው። ጭነት ውስጥ ገብቶ ሻንጣው ቢጠፋ፣ ሰውነቱ ልቡን እንዳይቃወም የሚወስደው የታክሮሊመስ ምትክ በየፋርማሲው አይገኝም።

ፔስሜከሩን እዚህ ማስመርመር እንችላለን?

ኢሲጂ፣ የደም ግፊትና የደም ምርመራ ድሬ ላይ እንደ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ እንደ ሕይወት ፋና ባሉ ሆስፒታሎች ማግኘት ይቻላል። ፔስሜከሩን ራሱን ማናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራመር የሚባል ማሽን ያስፈልጋል፣ ደረት ላይ አንቴናውን አስቀምጠው ያነቡታል። ችግሩ የአንዱ ኩባንያ ማሽን የሌላውን ፔስሜከር አለማንበቡ ነው። ሜድትሮኒክ፣ አቦት፣ ቦስተን ሳይንቲፊክና ባዮትሮኒክ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አላቸው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት የልብ ክፍሉን ደውላችሁ "የዚህን ኩባንያ ፔስሜከር የሚያነብ ማሽን አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የኩባንያውና የሞዴሉ ስም ካርዱ ላይ አለ። ይህን ሳይጠይቅ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ሳይ አንጀቴን ይበላዋል። ምርመራው በተለመደው ጊዜ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ነው። ዘመዳችሁ ገና ውጭ ካለ፣ ከመምጣቱ በፊት እዚያው አስፈትሾ የመጨረሻውን ወረቀት አትሞ ይምጣ። አልጋ አጠገብ ተቀምጦ በስልክ መረብ መረጃ ወደ ሆስፒታሉ የሚልክ ትንሽ ማሽን ያላቸውም አሉ፤ እዚህ አገር ይሠራ እንደሆነ ሆስፒታሉን ቀድሞ ይጠይቅ።

ቡና መጠጣት ይችላል?

በመጠኑ፣ አዎ። የሐረር ቡና አምሮት የመጣን ሰው ሙሉ በሙሉ መከልከል አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት ስኒ ይጠጣ። ሦስተኛው ላይ ልቡ ድው ድው የሚልበት ከሆነ ግን ይተወው።

ጫትስ? ከጓደኞቹ ጋር ለበርጫ ብቻ ቢቀመጥ?

ድሬና ሐረር ላይ ሆኖ ይህን ሳያነሱ ማለፍ ሰውን መዋሸት ነው። አወዳይ አፍንጫችን ሥር ናት። ዘመድ ለዓመታት ተለይቶ ሲመጣ የሚቀበሉት በርጫ ላይ ነው። መልሴ ግን አይሆንም ነው፣ እና ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ሰውነትን እንደ አምፌታሚን ነው የሚያነቃቃው። የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥር ያጠባል፣ የልብ ደም ሥሮችንም ጭምር። ተቃውሞ የሚከላከሉት ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን በራሳቸው ግፊት ይጨምራሉ። በተተከለ ልብ ላይ ደግሞ በረጅም ጊዜ ከሚፈሩት ነገሮች ዋነኛው የልቡ ደም ሥሮች እየጠበቡ መምጣት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አስቡት። ጫት አምፒሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ወደ ደም የሚገባውን መጠን እንደሚቀንስ ተጠንቶ ይታወቃል፤ በደም ውስጥ መጠናቸው በጥንቃቄ የሚለካ መድኃኒቶችን ከጫት ጋር መቀላቀል ደግሞ የባሰ ቁማር ነው።

ከዚያም አለ። ቅጠሉ ሳይበስል ነው የሚበላው፣ ቢታጠብም ጀርምና የተረጨበት ኬሚካል ሊቀርበት ይችላል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው እራት ይረሳል፣ የ2 ሰዓቱን ኪኒን ይረሳል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ውኃ ያጥረዋል። ቀጥሎ ጨብሲ ይመጣል፣ አጠገቡ ሲጋራና ሺሻ ይጨሳል። እኔ እንደታዘብኩት ቅጠሉን ተቋቁመው የማታዋን ኪኒን በመርሳት የሚጎዱ አሉ። ጓደኞቹ ከወደዱት ሻይ ይዘው ሜዳ ላይ ያጫውቱት፣ ጭስ በሌለበት።

ምግብ ላይ ምን እንከልክለው?

ጥሬ ነገር። ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ክትፎ፣ ያልፈላ የግመልም የላምም ወተት፣ ከዚያ የተሠራ እርጎና አይብ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ። የግመል ወተት ሳይፈላ ነው የሚጠቅመው የሚል ሰው ይኖራል። ለእሱ ግን ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ የሚገባበት በር ነው። አፍሉለት። ትኩስ ፈጢራ ይብላ፣ እንቁላሉ በደንብ ይብሰል፣ ዘይቱ ይቀነስ።

ግሬፕፍሩት በጭራሽ፣ የታክሮሊመስንና የሳይክሎስፖሪንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ተራው ጣፋጭ ብርቱካን ችግር የለውም። ጥቁር አዝሙድ በቅመምነት ወጥ ውስጥ ቢገባ ምንም አይደለም፣ በዘይት ወይም በማር እየተበጠበጠ "ለልብ ጥሩ ነው" ተብሎ በማንኪያ መሰጠቱ ግን ይቅር። የባህል መድኃኒት ሁሉ እንደዚሁ። በፍቅር እንደምታመጡለት አውቃለሁ፣ ግን መድኃኒቱን ምን ያህል እንደሚያዛባው ማንም ለክቶ ሊነግራችሁ አይችልም።

ረመዳንን ወይም ዓቢይ ጾምን መጾም ይችላል?

ታክሮሊመስ በብዛት በየ12 ሰዓቱ ነው የሚወሰደው፣ ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት። ረመዳን ላይ ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ያለው ሰዓት ከዚያ ይበልጣል፣ በዚያ ላይ የድሬ ሙቀትና የኩላሊቱ ጉዳይ አለ። የተከላ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጾም። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ዓይነት ታክሮሊመስ አለ፣ ግን በራስ ውሳኔ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር አደጋ ነው። ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ኢማሙን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

የክርስቲያኑ ጾም ምግቡ በራሱ አይጎዳውም። እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ነው ጥያቄው። ኪኒኑን በሰዓቱ በውኃ መውሰድ ግድ ነው፣ የንስሐ አባቱን ያናግር። ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 መሄድ የሚፈልግ ካለ፣ ንቅለ ተከላው ዓመት ያልሞላው ሰው ያን ሕዝብ መሃል ባይገባ ይሻላል፤ ጸበሉንም ሊጠጣ ከፈለገ ይፍላለት። መድኃኒቱን ግን ለአንድም ቀን እንዳያቋርጥ፣ እባካችሁ።

ልቡ ድንገት መዘበራረቅ ቢጀምርስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በሌላ ሰው ላይ የልብ ምት መዘበራረቅ ብዙ ጊዜ የራሱ በሽታ ነው፣ የምት መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልቡ ለተቀየረለት ሰው ግን፣ በተለይ ከንቅለ ተከላው ወራት ወይም ዓመታት ካለፉ በኋላ አዲስ ሲመጣ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ሰውነቱ ልቡን እየተቃወመው ይሆን?" የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ "የልቡ ደም ሥሮች ጠበው ይሆን?" ነው። የምቱ መዛባት የሌላ ነገር ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ምልክቱን ብቻ ማከም ጊዜ ያስበላል። ተቃውሞ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

አብረው የሚመጡትን ተመልከቱ፦ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደት መጨመር፣ ከወትሮው የተለየ ድካም፣ ትኩሳት፣ የግፊት መውረድ። አንዳቸውም ካሉ ያኑ ቀን ሆስፒታል፣ በመንገድ ላይ እያላችሁም ለንቅለ ተከላ ማዕከሉ ደውሉ። ራሱን ከሳተ ቤት ውስጥ ውኃ እየረጫችሁ አትጠብቁ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ጥሩ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። ፔስሜከሩ በበኩሉ ያየውን የተዛባ ምት ይመዘግባል፣ ስለዚህ በኋላ ሲነበብ መቼና ስንት ጊዜ እንደነበር ይታያል፤ የጀመረበትን ሰዓት እናንተም ጻፉ።

ደረቱን አላመመውም፣ ታዲያ የልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ) ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል። ሕመሙን ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮችም ተቆርጠዋል። ስለዚህ የልቡ ደም ሥር ቢዘጋ እንኳ ደረቱን ላያመው ይችላል፤ የሚታየው ትንፋሽ ማጠር፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ብቻ ይሆናል። "ደረቱን ካላመመው ጨጓራ ነው" የሚለው የሰፈር ምርመራ እዚህ ላይ አይሠራም።

ትኩሳት ቢይዘው ወባ ነው ብለን ኳርተም ብንሰጠውስ?

አትስጡት። መጀመሪያ ደሙ ይመርመር። ድሬ ላይ ወባ እንዳለ አውቃለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በደረቁ ወቅት ሳይቀር ተነሥቶብን ነበር። አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በገንዳ ውኃ ትራባለች። ግን ኳርተም፣ ክሎሮኪንና ኩዊኒን የተባሉት የወባ መድኃኒቶች የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ የመንካት ባሕርይ አላቸው፣ ከሌሎች መድኃኒቶቹ ጋርም ይጋጫሉ። ወባ ከሆነ ይታከማል፣ ኢሲጂ እየታየና ሐኪም እየተከታተለው።

38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ለእሱ ሁልጊዜ የዕለቱ ጉዳይ ነው፣ የነገ አይደለም። አጎበር ይኑረው፣ የውኃ በርሜላችሁ ይከደን።

ኤምአርአይ መነሳት ይችላል?

እንደ ፔስሜከሩና እንደ ሽቦው ነው። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳሉ፣ ከምርመራው በፊትና በኋላ ዕቃዋ በፕሮግራመር መስተካከል አለባት። ካርዱን ሳያሳይ አይግባ። ራጅ፣ ሲቲና አልትራሳውንድ አይከለከሉም።

ክሊኒክ ስንወስደው ለሐኪሙ ምን እንበል?

በሩ ላይ፣ ካርድ ሳታወጡ፣ "ልቡ የተተከለ ነው፣ ፔስሜከር አለው" በሉ። እዚህ አገር የልብ ንቅለ ተከላ ያለበት ሰው ማግኘት ብርቅ ነው፣ ጎበዝ ሐኪም ሁሉ በየቀኑ አያየውም፤ ስለዚህ ብትናገሩ ነውር አይደለም፣ ደስ ነው የሚላቸው። የድሮ ኢሲጂውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይኑር። በድሮው ዘዴ የተሠራለት ሰው ኢሲጂ ላይ ሁለት መነሻ ምልክት ሊታይ ይችላል፣ አንዱ ከቀረው የራሱ ልብ፣ አንዱ ከአዲሱ። ይህን የማያውቅ ሰው ትልቅ መዛባት ይመስለዋል።

ሁለት የድንገተኛ መድኃኒቶች ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። አትሮፒን፣ የዘገየ ልብ ለማፍጠን የሚሰጠው፣ የሚሠራው በቫገስ በኩል ስለሆነ እሱ ላይ አይሠራም፣ አልፎ አልፎም ያባብሳል። አዴኖሲን ደግሞ የፈጠነ ልብ ለማርገብ ይሰጣል፣ የተተከለ ልብ ግን ለእሱ ከልክ ያለፈ ስሜት ስላለው መጠኑ በጣም መቀነስ አለበት። እናንተ ሐኪሙን ለማስተማር አይደለም፣ ወረቀቱን ከማዕከሉ ደብዳቤ ጋር ብቻ ስጧቸው።

ከተራ መድኃኒቶችም የሚጋጩ አሉ። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ዲልቲያዜም፣ ቬራፓሚልና አሚዮዳሮን የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊት ይጎዳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊቱን በቀጥታ ይነኩታል፣ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃዋል። የቢጫ ወባ ክትባትና ሌሎች ሕያው ክትባቶች አይሰጡትም። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው የታክሮሊመስን መጠን በጣም ያወርደዋል፣ ልቡ ያለ ጥበቃ ይቀርና ተቃውሞ ይነሳል። ቲቢ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሳል ይዞት ቲቢ ከተገኘበት መታከሙ ግድ ነው፤ የቲቢ ሐኪሙና የንቅለ ተከላ ማዕከሉ ሳይነጋገሩ ግን የመጀመሪያዋን ፍሬ አይዋጥ፣ የታክሮሊመሱ መጠን በየቀኑም ቢሆን እየተለካ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።